አባሪ 3

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ላይብረሪ እሠራለሁ። ሥራዬ የተመራቂዎችን ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናት፣ ተቀብሎ ኦንላይን ማኅደራችን ላይ መጫን ነው። ሪፖዚተሪ እንለዋለን። ሰኔ ሲደርስ የማስተርስ ተማሪ ሁሉ ክሊራንስ ይዞ በሩ ላይ ይሰለፋል። ያለ እኛ ፊርማ ክሊራንሱ አያልቅም፤ ሁሉም ይቸኩላል። አንዱ ነገ ጠዋት ወደ አገሩ ይሳፈራል። ሌላዋ ልጇን አዝላ ቆማለች። የሌላው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ፈቃድ ዓርብ ያበቃል። ጥራዙን እናያለን፣ ሶፍት ኮፒውን እንከፍታለን፣ የፈታኞች ፊርማ ያለበት ገጽ መኖሩን እናረጋግጣለን፣ እንፈርማለን።

ሥራዬን እወደዋለሁ። ድሮ አንድ ቴሲስ ሁለት ሦስት ጥራዝ ይታተምና መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሲዲ አብሮ ይገባል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲዲውን የሚያነብ ኮምፒውተር አይገኝም። አለታ ወንዶ ያለ የግብርና ባለሙያ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ የተጻፈውን ለማየት ሥራውን ትቶ እዚህ ድረስ መምጣት ነበረበት። አሁን ስልኩ ላይ ከፍቶ ያነበዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት፣ ቴሲስንም ጨምሮ፣ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። በዚህ ከልቤ አምናለሁ። የሚቀጥለውን የምነግራችሁም ይህንን እያመንኩ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት እናት ከአንድ ወጣት ጋር ቢሮዬ ገቡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። አሞራ ገደል አካባቢ፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ።

«ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፈው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ፤ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። መጀመሪያ ስሜን ሰርዝልኝ።»

ወጣቱ የእህታቸው ልጅ ነው። እሱም ኮሌጅ ይማራል። ለፕሮፖዛሉ ስለ ሴቶች ቁጠባና ብድር የተሠሩ ጥናቶችን ጉግል ላይ ሲፈልግ የእኛ ገጽ ወጣለት። ቴሲሱን እስከ መጨረሻው አወረደው። አባሪ 3 ላይ ሠንጠረዥ አለ፦ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ ቁጥር፣ ያለባቸው ብድር፣ አስተያየት። አራተኛው መስመር ላይ አክስቱ አሉ። አስተያየቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ባለቤታቸው ስለ ብድሩ አያውቁም ይላል።

ልጁ ደንግጦ ለእናቱ ነገራት። እናቱ ለእህቷ ነገረች። ባልየው ገና አልሰሙም። ግን ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ብትሆንም የዓሣ ገበያው ሰው እርስ በርስ ይተዋወቃል። ሠንጠረዡ ላይ ያሉት ሌሎቹ ሴቶችም እሳቸው ያሉበት ዕቁብ አባላት ናቸው።

«ልጅቷን እንደ ልጄ አይቼ ነው የነገርኳት» አሉኝ። «ለማንም አይነገርም፣ ለትምህርቴ ነው አለችኝ። ፈርሚ አለችኝ፣ ፈረምኩ።»

ፋይሉን ከፈትኩት። አባሪ 1 የስምምነት ቅጹ ነው፤ በአማርኛ «የሚሰጡት መረጃ በምስጢር ይጠበቃል» ይላል። አባሪ 3 ደግሞ ምስጢሩን ስም በስም ዘርዝሮታል። ሁለቱ ያሉት አንድ ጥራዝ ውስጥ ነው። አማካሪው አንብቦታል፣ ፈታኞቹ አንብበውታል፣ ትምህርት ክፍሉ ፈርሞበታል።

ወዲያው ፋይሉን ለሕዝብ እንዳይታይ ዘጋሁት። ልጁ ግን ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «አሁንም ይታያል» አለኝ። እውነቱን ነው። የምንጠቀምበት ሶፍትዌር ዲስፔስ ይባላል። አንድ ፒዲኤፍ ሲጫን ለፍለጋ እንዲመች ጽሑፉን ለብቻው ገልብጦ ሌላ ፋይል ያስቀምጣል። ፒዲኤፉን ስዘጋው ያ የጽሑፍ ቅጂ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ነበር። ስማቸውም ስልካቸውም እዚያው አለ። እሱንም ዘጋሁ። ከዚያ ጉግል ያስቀረውን ነገር እንዲያነሳ ላረጀ ይዘት ያዘጋጀውን ቅጽ ሞላሁ። ሌላም ነበር፤ እንደኛ ያሉ ማኅደሮችን እየዞሩ የሚሰበስቡ ድረ ገጾች አሉ። ጥናቶቻችን በዓለም ዙሪያ የሚገኙት በእነሱ በኩል ስለሆነ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ያን ቀን ግን ለእያንዳንዳቸው ኢሜይል መጻፍ ግድ ሆነ። አንዳንዶቹ ቶሎ መለሱ፣ አንዳንዶቹ ቆዩ።

ልጅቷ፣ የቴሲሱ ባለቤት ማለቴ ነው፣ ተመርቃ ሌላ ከተማ ትሠራለች። ደውዬ ስነግራት ድምፅዋ ጠፋ። ቆይታ ዲፌንሷ ላይ፣ ቴሲሷን ፈታኞች ፊት ባቀረበችበት ቀን፣ የሆነውን ነገረችኝ። አንዱ ፈታኝ «ሰዎቹን በእርግጥ ስለማነጋገርሽ ማስረጃሽ የት አለ?» ብሎ አፋጠጣት። በማረሚያ ጊዜዋ ዝርዝሩን አባሪ አድርጋ አስገባች። አምናታለሁ። ሳይሄዱ መጠይቅ የሚሞሉ ሰዎች ስላሉ ፈታኞች ይጠራጠራሉ፤ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ማስረጃው ግን ለፈታኙ ታይቶ ትምህርት ክፍል ፋይል ውስጥ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ዓለም ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ መውጣት አልነበረበትም።

ማታውኑ የተስተካከለ ፒዲኤፍ ላከችልኝ። ስሞቹን በጥቁር ሣጥን ሸፍናቸዋለች። ሲያዩት ንጹሕ ነው። ሠንጠረዡን በሙሉ መርጬ ኮፒ አደረግኩና ባዶ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ስሞቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጥቁሩ ሣጥን ከላይ የተደረበ ሥዕል ነው፤ ከሥሩ ያለው ፊደል አልተነካም። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ መሥሪያ ቤቶችም ጭምር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ወደተጻፈበት የማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል ተመልሶ መረጃውን ራሱን መሰረዝ፣ በምትኩ «ተሳታፊ 1፣ ተሳታፊ 2» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ፒዲኤፍ ማድረግ። በነጋታው እንደዚያ አድርጋ ላከች።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ሁለት ሐሳብ ቀረበ፤ ሁለቱንም ተቃወምኩ።

የመጀመሪያው ሁሉም ቴሲስ ከግቢ ውጭ እንዳይከፈት ይዘጋ የሚል ነው። የአይቲ ባልደረባችን አዋጅ ጠቅሶ አስፈራራን፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ እንጠንቀቅ አለ። መጠንቀቁ ልክ ነው። ግን በአንድ ሠንጠረዥ የተነሳ የአለታ ወንዶው ባለሙያ በር ሊዘጋበት አይገባም። ስለ አፈር፣ ስለ ቡና፣ ስለ ሐይቁ ውኃ የተጻፈው ቴሲስ የማንንም ገመና አይገልጥም። ጥናትን በነፃ ኦንላይን ማስቀመጥ በ1991 እ.ኤ.አ. አርካይቭ (arXiv) በሚባለው የኦንላይን ማኅደር ላይ ሲጀመር ተጠቃሚዎቹ የፊዚክስ ሰዎች ነበሩ። የፊዚክስ ቀመር ስልክ ቁጥር የለውም፣ ከባሏ የደበቀችው ብድርም የለውም። እኛ የዚያን ልማድ በጎነት ወስደን፣ ሰው በሚነካበት ቦታ የራሳችንን ጥንቃቄ መጨመር ነው ያለብን።

ሁለተኛው ሐሳብ ከሁሉም ቴሲስ ላይ የሰው ስም ይሰረዝ የሚል ነው። እዚህ ላይ አንድ የታሪክ መምህር ተነሱ። ንግግራቸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። በታሪክ ትምህርት ክፍል የመረጃ ሰጪ ሽማግሌዎች ዝርዝር የግድ ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገሩበት ቦታና ቀን። ሉዋ ስለሚባለው የሲዳማ የዕድሜ እርከን ሥርዓት የሚያውቁትን ለሰዓታት የተናገሩ አባት ስማቸው ከተሰረዘ እውቀታቸውን ቀማናቸው ማለት ነው። «የእኛ መጽሐፍ እነሱ ናቸው። የመጽሐፍ ስም ይሰረዛል እንዴ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጋሉ፣ ልጆቻቸውም ያንን ገጽ ይፈልጉታል። እውነት ነው፤ አባቱ የተጠቀሱበትን ገጽ አሳትሞ ለመውሰድ የመጣ ሰው አስተናግጃለሁ።

ስለዚህ አንድ ደንብ ለሁሉም አይሆንም። የተስማማነው በሰውየው ፈቃድ ይወሰን በሚለው ላይ ነው። የስምምነት ቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄ ተጨመረ፦ ጥናቱ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ማንም ሊያነበው እንደሚችል ያውቃሉ ወይ? ስምዎ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? የማያነቡ ሰዎች ካሉ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በሲዳምኛም ይሁን በወላይትኛ፣ ይነገራቸዋል። ክሊራንስ ላይ ደግሞ ከመፈረማችን በፊት ተማሪው አጠገባችን ቁጭ ብሎ አባሪዎቹን አብረን እንከፍታለን። ሰልፉ ረዘመ። ቅሬታ አለ። እኔ ግን በዚህ አልደራደርም። በዚህ መንገድ ያገኘነው ብዙ ነው፦ የሆስፒታል ካርድ ቁጥር፣ የተማሪዎች ውጤት ከነስማቸው፣ ፊታቸው የሚታይ የሕፃናት ፎቶ። ተማሪዎቹ ክፉ ልብ ኖሯቸው አይደለም። አባሪን የሚያነበው ፈታኝ ብቻ ነው ብለው ያስባሉ። መደርደሪያ ላይ በነበረ ጊዜ ያ ትክክል ነበር።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ደወልኩላቸው። መጡ፤ አሁን ተቀመጡ። ከፈለጉ ቴሲሱን በሙሉ ከማኅደሩ እንደምናነሳ ነገርኳቸው።

«ለምን ይነሳል?» አሉኝ። «የነገርኳት እኮ እውነት ነው። ስሜ ከጠፋ ይቆይ። ግን አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ምን አገኘች?»

አልገባኝም ነበር።

«ያን ያህል ስትጠይቀን ከርማ ምን ብላ ጨረሰች? ለምን እንደሚከብደን ደረሰችበት ወይ? ማንም አልነገረን።»

እዚህ ጋ ነው እኔ በእውነት የተነካሁት። ቴሲሱን ለዓለም ከፍተነዋል። ጃፓን ያለ ሰው ያነበዋል። ከግቢያችን በባጃጅ የሚደረስበት ቦታ ላይ ያሉት፣ ጥናቱ የተሠራባቸው ሴቶች ግን ውጤቱን አልሰሙም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ፒዲኤፉ ቢላክላቸውም አይጠቅማቸውም።

ለልጅቷ ነገርኳት። ቅዳሜ ቀን ባስ ተሳፍራ መጣች። መጀመሪያ እናቲቱን ይቅርታ ጠየቀች፤ እሳቸውም «ተይው፣ ልጅ ነሽ» አሏት። ከዚያ ሴቶቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሰብሰብ አድርገናቸው ግኝቶቿን በአማርኛ አነበበችላቸው። ዋናው ግኝት ብድሩ በአብዛኛው ለንግድ ሳይሆን ለቤት ፍጆታ ይውላል የሚል ነበር።

ሴቶቹ ተንጫጩ። «በምን አወቅሽ?» አሏት። ሠንጠረዡን አወጣች፤ ዘይት፣ ማገዶ፣ ዱቄት። መጠይቁ ላይ እነዚህ ሁሉ «የቤት ወጪ» በሚል ተመድበዋል።

«ዘይቱ እኮ ሥራዬ ነው!» አሉ እናቲቱ። «ዓሣውን በምን ልጠብሰው? ለዐቢይ ጾም ገበያው ሲደራ ዘይት ቀድሜ ካልገዛሁ ምኑን ነግጄ ምኑን ልመልስ? ብድሩን የወሰድኩት ለዚያ ነው።»

ልጅቷ ማስታወሻዋን አውጥታ ሁሉንም አንድ በአንድ እንደገና ጠየቀቻቸው። የትኛው ዘይት ለሱቅ፣ የትኛው ለቤት፤ ማገዶው እንዴት እንደሚከፈል፤ ዱቄቱ ለምን እንደሆነ። ረጅም ሰዓት ወሰደ፤ ደንበኞች መጥተው ቆመው ነበር። ከዚያ ለአማካሪዋ ነግራ ሁለት ገጽ ማስተካከያ ጻፈች፣ አንድ ገጽ የአማርኛ አጭር መግለጫም ጨመረች። ማስተካከያውን ከቴሲሱ ጋር አያይዤ ጫንኩት። ስለ ሴቶች ብድር የሚፈልግ ተማሪ አሁን ቴሲሱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ነው። የእህታቸው ልጅም ፕሮፖዛሉን ከዚያ ነው የጀመረው፤ መጠይቁ ላይ ዘይትን ለሁለት ከፍሎታል።