ቼኩን ሳታዩ ደረሰኝ አትቁረጡ

ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን የኮምቦልቻ ፋብሪካ የለቀቅኩት በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ጥገና ኃላፊ ነበርኩ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ዓመት ሊሞላው ነበርና ሥራ ይበዛል ብዬ በግሌ ማማከር ጀመርኩ። በመልቀቄ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ደረሰኝ ነው።

ቲን ነምበር፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሰልፉን ለታገሠ ያልቃል። "መጀመሪያ ደህና ቢሮ ያዝ" የሚሏችሁን ግን አትስሙ። እኔ ሰምቼ ደሴ ፒያሳ ላይ ሁለት ክፍል የዓመት ኪራይ ከፈልኩ፤ በዓመቱ ውስጥ ያንን ደረጃ የወጣ ደንበኛ የለም። ሥራው ኮምቦልቻ፣ ማሽኑ አጠገብ ነው። ጠዋት በደሴ ብርድ ጃኬት ለብሼ ሚኒባስ እይዛለሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ አውልቄ እሸከመዋለሁ። ለአድራሻ ያህል አንዲት ጠባብ ክፍል ትበቃ ነበር፤ በተረፈው ብር የራሴን መለኪያ መሣሪያ እገዛበት ነበር።

ሽያጬ ለቫት ግዴታ የሚደርስ አልነበረም። ፋብሪካዎች ግን የቫት ደረሰኝ ከሌለህ አያናግሩህምና በፈቃዴ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ፓወር ፋክተር ማስተካከል ነበር፤ ከመስመሩ ከሚሳበው ኃይል ምን ያህሉ በእርግጥ ሥራ ላይ እንደሚውል የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሞተሮቹ ፓወር ፋክተሩን አውርደውት ፋብሪካው በየወሩ ከመብራት ሂሳቡ ጋር ቅጣት ይከፍላል። ጭነቱን ለካሁ፣ ቁጥሩን መልሶ ከፍ የሚያደርገውን የካፓሲተር ባንክ ዲዛይን ሠራሁ፣ ሲተከልም ቆሜ አሠራሁ። ቅጣቱ ቆመ። በዚያ ሥራ ዛሬም እኮራለሁ። ዋጋው 400,000 ብር፣ ከ15 በመቶ ቫት ጋር 460,000 ነው።

ጥር 2011 ላይ የፋይናንስ ኃላፊው "ኢንጂነር፣ ደረሰኙን አምጣና ቼኩ ይዘጋጃል" አሉኝ። አመንኩና ቆርጬ ሰጠሁ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ናቸው፣ ፈራሚው ዕረፍት ላይ ነው፣ "አብሽር፣ ሰኞ ና"። ሰኞ እሄዳለሁ፤ ለሚቀጥለው ሰኞ ይቀጥሩኛል። የሠራሁትን ሥራ ገንዘብ እየለመንኩ በር ላይ መቆሜ ከገንዘቡ በላይ ያቃጥለኝ ነበር።

የካቲት 30 ደረሰ፤ የጥር ቫት የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን ነው። እጄ ያልገባ 60,000 ብር ዕዳ ሆነብኝ። ግብር ቢሮ ሄጄ ላስረዳ ሞከርኩ። ባለሙያው ውሉን ዘርግቼለት ቀና እንኳ አላለም።

"ወንድሜ፣ ደረሰኝ ቆርጠሃል?"

"ቆርጫለሁ፤ ግን አልተከፈለኝም።"

"እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። ክፈል።"

በሕጉ ልክ ነበር። ደረሰኝ ከተቆረጠ ቫቱ ይፈለጋል፤ ገንዘቡ ገባ አልገባ ማንም አይጠይቅም። የሚያናድደኝ፣ ስመዘገብ ከፊቴ የነበሩት ሁለት ሠራተኞች ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም ነበር። በራሴም እናደዳለሁ፤ የኬብል ካታሎግ መስመር በመስመር የማነብ ሰውዬ አዋጁን አልገለጥኩትም።

ቀኑ አለፈ። ቅጣቱ 5 በመቶ፣ 3,000 ብር፣ ወለዱ ሳይቆጠር፤ ከዚያ ወዲያ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመር ነበር። መጋቢት አጋማሽ ላይ ባለቤቴ የደረሳትን ዕቁብ አንስታ ሰጠችኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሱቅ ልትከራይበት ነበር።

አገልግሎቱን እንደሰጣችሁ ወዲያው ቁረጡ ይሏችኋል። እኔ የምላችሁ፣ ሥራውን ራሱን ቆራርጡት። ዛሬ ውሌ ላይ 30 በመቶ ቅድሚያ አለ፤ ቀሪው በሦስት ርክክብ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ርክክብ የሚፈረመው ቼኩ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ነው። እስከዚያ ለክፍያ መጠየቂያ ፕሮፎርማ ይበቃል። በዚህ የተነሳ ሁለት ደንበኞች ትተውኝ ሄደዋል፤ ይሂዱ። ደንበኞች ከክፍያችሁ ላይ ቅድመ ግብር ሲቀንሱባችሁም የተቀነሰበትን ደረሰኝ ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ፤ ዓመታዊ ግብራችሁ ላይ የሚታሰብላችሁ በእሱ ነው።

የእኔ ገንዘብ የገባው ሐምሌ ላይ ነው። በማግስቱ የባለቤቴን ዕቁብ መለስኩላት። ሱቁን ሌላ ሰው ከተከራየው ቆይቷል።