ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስ ረሃብ

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጃን ሜዳን ሲዞር ወይም የመስቀል አደባባይን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የነበረ ሰው ቀኑን «ደህና ነኝ፣ አልራበኝም» እያለ ይውልና ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ሆዱ እየጮኸ ይቀሰቅሰዋል። ብዙዎች መፍትሔው እራት ማብዛት ይመስላቸዋል። ይሄ የሚሠራው አንዳንዴ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሂሳቡ የሚጎድለው ጠዋት ነውና።

ሩጫ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር 1 ካሎሪ ይፈጃል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 720 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል ማለት ነው። ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ቢሆን እንኳ የዚያን ቀን ፍላጎቱ ወደ 2,700 ይጠጋል። ችግሩ ጠንካራ ልምምድ ራሱ የምግብ ፍላጎትን ለአንድ ሰዓት ወይም ለሁለት ሰዓት መዝጋቱ ነው። ቡና ሲደረብበት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ሰውዬው አንድ ዳቦ በሻይ ቀማምሶ ሥራ ይገባና እስከ 7 ሰዓት ምሳ በዚያው ይቆያል።

ጉበት የሚያከማቸው ስኳር 100 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ተኝተንም ቢሆን አእምሮ በሰዓት 5 ግራም ያህል ይወስዳል። ጡንቻ ብዙ እጥፍ ይይዛል፣ ግን ለራሱ ነው፤ የያዘውን ስኳር ወደ ደም አይመልስም። በዚህ ላይ ከባዱ እንቅልፍ የሚያልቀው በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ማታ 4 ሰዓት የተኛ ሰው 8 ሰዓት ላይ እንቅልፉ ሳስቷል፤ 5 ሰዓት ላይ ሳይሰማው ያለፈው ረሃብ አሁን ያነቃዋል።

ስለዚህ ማስተካከል የሚጀመረው ከሩጫ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። 60 ግራም ካርቦሃይድሬትና 20 ግራም ፕሮቲን ይበቃል፦ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ወተት፣ 100 ግራም ያህል ዳቦ። ሲባል ቀላል ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን ለብዙ ሰው አይወርድም።

እዚህ ላይ ከውድ የፕሮቲን ዱቄት በፊት በሶን አስቡ። ስድስት የሾርባ ማንኪያ ያህል በሶ (60 ግራም ገደማ)፣ ቁንጣሪ ጨው፣ ሦስት ማንኪያ ውሃ። ውሃው በአንዴ አይፈስበትም፤ በአንዴ ከፈሰሰ ይቀጥንና ጭብጦ መሆኑ ይቀራል። በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ ማሸት ነው፤ ሲጨብጡት የጣት ቅርጽ ይዞ ሲቀር ደርሷል። ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ እሳት አያስፈልገውም። ወደ 220 ካሎሪ አለው፣ ማር ከገባበት ይጨምራል። ለመንገደኛ ስንቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው፤ አንድ ኩባያ ወተት ወይም አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ አብሮት ይሂድ።

መክሰስን ዝም ብላችሁ አትዝለሉ። 10 ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ ቆሎ በኦቾሎኒ ወይም ሁለት ሙዝ የሌሊቱን ረሃብ በግልጽ ይቀንሳል።

እራት ላይ የሚያታልለው ሽሮ ነው። ሽሮ ፕሮቲን አለው፤ የሚበላው ዱቄት መጠን ግን በዓይን ብቻ አይለይም። ቀጠን ብሎ በተሠራ ሽሮ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 30 ግራም ዱቄት ቢሆን ፕሮቲኑ 6 ግራም ገደማ ነው፣ ከአንድ እንቁላል አይበልጥም። እንጀራውም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ቶሎም ይጎድላል። ሽሮውን ወፈር አድርጉት፤ ጎኑ ላይ በደረቁ 60 ግራም የሚሆን ምስር ወይም ሽምብራ ጨምሩ፣ ይህ ከ12 እስከ 15 ግራም ፕሮቲን ነው። ዘይትን ጨርሶ አትከልክሉት። «ስፖርት ጀምሬአለሁ» ብሎ ዘይትና እንጀራን በአንድ ሳምንት የቀነሰ ሰው ሌሊት ማቀዝቀዣ ቢከፍት ጥፋቱ የሆዱ አይደለም። ክብደት መቀነስ ከተፈለገ ከቀኑ ፍላጎት ላይ ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መቀነስ ይበቃል፤ እሱም ረጅም ሩጫ በሌለበት ቀን ቢሆን ይሻላል።

ጾም ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ መብላት አማራጭ አይደለም፤ ቀኑ ገብቷል። ስለዚህ የማክሰኞና የሐሙስ እራት ነው ሸክሙን የሚሸከመው። ከባዱን ልምምድ ለሰኞና ለቅዳሜ ማድረግ፣ በጾም ቀን ቀለል ያለ ሩጫ ብቻ መሮጥ ይሻላል። 9 ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ ማዕድ ከማንሳት በ9፣ በ12 እና ማታ በ2 ሰዓት ተከፋፍሎ ቢበላ ሆድ ይቀበለዋል። ሱፍ፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒና ሽምብራ እዚህ ላይ ዋና ናቸው።

ዛሬ ሌሊት ብትነቁስ? መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ፤ ጥም ሊሆን ይችላል። ካልተወ ከ150 እስከ 200 ካሎሪ የሚሆን ነገር፦ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ወተት ወይም አንድ ሙዝ በአንድ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ። ድስት ሥር የቀረው ሽሮ አይሆንም፤ በርበሬ በልቶ መተኛት ቃር ያመጣል። ትልቁን መብራት አታብሩ፣ ስልክም አታንሱ። ደግሞ ሰውነት በለመደው ሰዓት ይርበዋል፤ አንድ ሳምንት በ8 ሰዓት የተመገበ ሆድ በስምንተኛውም ቀን ይጠይቃል። የቀኑ ምግብ ከተስተካከለ በኋላ የሌሊቱን በየሁለት ቀኑ በግማሽ መቀነስ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይተው ከሆነ ረሃብ ላይሆን ይችላል። ከእምብርት በላይ የሚያቃጥል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስና ምግብ ሲቀምሱለት ጋብ የሚል ሕመም የአንጀት ቁስለት የታወቀ ጠባይ ነው፤ እኛ ሁሉንም «ጨጓራ» እንለዋለን። ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አዘውትሮ የሚወስድ ሯጭ በተለይ ይጠንቀቅ፤ እነዚህ ማስታገሻዎች ራሳቸው ቁስለት ሊያመጡ ይችላሉ። ከፍተኛ ጥም፣ ሽንት መብዛትና ክብደት መቀነስ አብረው ካሉ የስኳር ምርመራ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሌሊት በረሃብና በላብ ከነቃ ወዲያው ስኳሩን ይለካ። ሴት ሯጭ የወር አበባዋ ከተቋረጠ «የልምምድ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ እያገኘ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው፣ አጥንትንም ያሳሳል። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ረሃቡ በስንት ሰዓት እንደሚቀሰቅሳችሁ፣ ምግብ ሲቀመስለት እንደሚተው ወይም እንደማይተው፣ የምትወስዱትንም የሕመም ማስታገሻ ስም ጽፋችሁ ያዙ።