ሸሚዙ ስንት ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከቻይና ለእረፍት መጥቶ ሊጠይቀኝ ቤቴ ብቅ ብሎ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ ያስተማርኩት፣ አሁን ቻይና ውስጥ ምህንድስና የሚያጠና ልጅ ነው። ካመጣልኝ ሻይ ቅጠል ጋር አንድ ፍላሽና ጥቂት የታተሙ ወረቀቶች አስቀመጠና፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ማዳመጥ ማዳመጥ ይሉን ነበር፤ ይኼ የእነሱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ነው፤ ድምፁም አብሮ አለ» አለኝ። ያን ዕለት ማታ ጋቢዬን ደርቤ ድምፁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥሁት፤ ከዚያ ወዲህም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህን የምጽፈው የቻይናን ትምህርት ለማወደስ አይደለም። የሌላ አገር ልጆች የሚፈተኑበት መንገድ የራሴ ተማሪዎች ችግር ከየት እንደሚነሣ ስላሳየኝ ነው።

ፈተናው ጋኦካኦ ይባላል። በባህል አብዮቱ ዘመን ተቋርጦ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1977 እንደገና የተጀመረ ሲሆን፣ አሁን በየዓመቱ የሚሰጠው በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 30 ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተመዘገቡት ተፈታኞች 13.42 ሚሊዮን ነበሩ። ከ750 ጠቅላላ ነጥብ ውስጥ 150ውን የሚይዘው የውጭ ቋንቋ ነው፤ እጅግ የሚበዙት ተፈታኞች የሚወስዱት እንግሊዝኛ ሲሆን የተመደበለት ጊዜ 120 ደቂቃ ነው። አሁን በብዙ ክፍለ ሀገሮች በሚሠራበት አዲሱ አወቃቀር ማዳመጥ 30 ነጥብ፣ ንባብ 50፣ ባዶ ቦታ መሙላትና ሰዋስው 30፣ ጽሕፈት 40 ነጥብ ይይዛሉ። ስለዚህ ከእንግሊዝኛው 150 ነጥብ ከግማሽ የሚበልጠው ሰምቶና አንብቦ ለመረዳት የተመደበ ነው።

ማዳመጡ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ 20 ደቂቃ ያህልም ይፈጃል። መጀመሪያ አምስት አጫጭር ምልልሶች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ ጥያቄ ይቀርባል። ቀጥለው የሚመጡት አምስት ረዘም ያሉ ምልልሶችና ንግግሮች ግን ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ተፈታኙ የሚመርጠው ከሦስት አማራጮች ነው። ለማሳያ የሚቀመጠው ምሳሌ ለዓመታት ሳይለወጥ የኖረ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሸሚዙ ስንት ነው? አማራጮቹ 19.15፣ 9.18 እና 9.15 ፓውንድ ሲሆኑ መልሱ 9.15 ነው። ተማሪዬ እንደነገረኝ አብረውት የሚኖሩት ቻይናውያን ይህን መልስ እንደ ስማቸው ያውቁታል። እኔ ግን ደጋግሜ ያሰብሁት ስለ ጥያቄው አሠራር ነው። ቁጥሮቹ የተመረጡት በእንግሊዝኛ ሲነገሩ በጆሮ እንዲቀራረቡ ሆነው ስለሆነ፣ የተሳሳተው ልጅ የትኛውን እንደመረጠ ያየ መምህር የትኛው ድምፅ እንዳመለጠው ያውቃል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ነጥብ ከመስጠቱም በላይ ለመምህሩ የሚነግረው ነገር አለው። ለዚህ ክፍል የሚሰጡት ክብደትም ከወረቀቱ ውጭ ይታያል፤ በፈተናው ጊዜ በጣቢያዎቹ አካባቢ የመኪና ጥሩምባ ይከለከላል፣ የግንባታ ሥራም ይቆማል።

እኛ ዘንድ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውስጥ የማዳመጥ ክፍል የለም። ሰዋስው አለ፣ የቃላት ፍቺ አለ፣ ምልልስ ማሟላት አለ፣ ከምንባብ የሚወጣ ጥያቄ አለ፤ ሁሉም ግን የሚነበብ ነው። ቻይናዊው ተማሪ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚማረው በገዛ ቋንቋው ነው፤ እንግሊዝኛ ለእርሱ ከትምህርቶቹ አንዱ ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ጆሮው ይፈተናል። የእኛው ልጅ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውን፣ ፊዚክሱን፣ ጂኦግራፊውን ሁሉ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በጆሮው ሲማር ይቆያል፤ ጆሮው የሚይዘውንና የማይዘውን ግን አንድ ቀን የሚጠይቀው ፈተና የለም። ይህን ተገላቢጦሽ ከዚያ ማታ በፊት እንዲህ አጥርቼ አላየሁትም ነበር።

በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ማዳመጥ በየምዕራፉ አለ። የሚደመጠው ጽሑፍ የሚገኘው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ሲሆን፣ መምህሩ ቆሞ ያነብበዋል፣ ተማሪዎቹም ሰምተው ጥያቄ ይመልሳሉ ተብሎ ይታሰባል። እውነቱን ለመናገር ይህን ክፍል እኔም ለዓመታት እየዘለልሁ ወደ ሰዋስው አልፌአለሁ። የዘለልሁት ማስተማር ጠልቼ አይደለም፤ ጽሑፉን ማንበብ በጀመርሁ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቀኝ ስለነበረና «አይመጣም» ካልሁት በኋላ ክፍሉን መልሶ ማሰባሰብ ስለማይቻል ነው። ተማሪውን አልወቅሰውም። ለገበሬ ልጅ ያ ፈተና የዕድሜ ልክ ጉዳይ ስለሆነ የማይፈተንበትን ነገር ለመስማት ትዕግሥት ባይኖረው አይፈረድበትም።

የፕላዝማ ትውልድ የሆነ ሰው ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። በደቡብ አፍሪካ የተቀረጹት ትምህርቶች ሲተላለፉ የቴሌቪዥኑ መምህር ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ «በጣም ጥሩ» ይላል፤ እኛ ግን ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እየፈታን ነበር። ማስታወሻ ለመያዝ የሞከርነው በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቃል ብቻ እየገለበጥን ነው፤ የተነገረው ሁሉ አልፎን ሄደ። በዚያን ጊዜ ችግሩ ፊዚክሱ የከበደን መስሎን ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ያን ፊዚክስ ከቶ አልሰሙትም።

ያን ድምፅ ካዳመጥሁ በኋላ እኔም አንድ ሙከራ አደረግሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን አንድ ቅዳሜ ጠርቼ፣ ከቻይናው ፈተና መልኩን ብቻ ወስጄ የራሴን ምልልሶች አዘጋጀሁ። ጥያቄዎቹ ስለ ገበያ፣ ስለ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ስለ ቀጠሮ ነበሩ፤ ድምፁን በስልኬ ቀርጬ በትንሽ ስፒከር አሰማኋቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከንቱ ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ሦስተኛው ምልልስ ላይ በረዶ መጣና የክፍሉን ቆርቆሮ ጣሪያ መደብደብ ሲጀምር እኔም ድምፁን መስማት አቃተኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ደገምነው።

ውጤቱ በእጅጉ አሳሰበኝ። አጫጭሮቹን ምልልሶች በትክክል የመለሱት ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ግን ያንኑ ምልልስ በወረቀት አትሜ ሰጠኋቸውና ያነቡት ጀመር፤ በጆሯቸው ያልያዙትን ብዙዎቹ በዓይናቸው ያለ ችግር መለሱት። እንግዲህ ቃሉን ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን በመልኩ እንጂ በድምፁ አይደለም። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» አልተለዩላቸውም፤ ምክንያቱም በዋናነት የሚለያቸው የድምፁ ጫና የሚያርፍበት ቦታ ነውና ይህን ደግሞ እኔም ሆንሁ ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራን በቅጡ አላስተማርናቸውም። መኖርን የሚገልጸውና ትቶ መሄድን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል በፊደላችን ስንጽፋቸው ሁለቱም «ሊቭ» ይሆናሉ፤ በጆሯችንም እንደዚያው ሆነው ነው የቀሩት።

የቻይና ልጆችም በዚህ ረገድ ከእኛ ብዙ አይርቁም። በማንዳሪን ቋንቋ ቃል የሚዘጋው በአናባቢ ወይም እንደ «ን» ባለ ድምፅ ስለሆነ በተነባቢዎች ድርድር የሚያልቅ የእንግሊዝኛ ቃል ያስቸግራቸዋል፤ አንዳንዱ መጨረሻውን ይውጠዋል፣ አንዳንዱ አናባቢ ይጨምርበታል። እኛ ደግሞ ከፊት ለፊት እንጨምራለን፤ «ስኩል» የሚለውን «እስኩል» የማይል ማን ነው? ልዩነቱ እነርሱ ይህ ችግር በየዓመቱ በነጥብ ስለሚለካ ከፈተናው ሦስት ዓመት ቀድመው ጆሯቸውን ማሠልጠናቸው ነው።

የሚያሳዝነው ጆሮን መፈተን ለአገራችን እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። አያቴ በመንዝ ንባብ ቤት የተማሩ ነበሩ። እርሳቸው እንደነገሩኝ፣ ልጁ በንባብ ደረጃዎቹ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ የሚሸጋገረው የኔታ በጆሯቸው አዳምጠው ሲፈቅዱለት ብቻ ነበር። ቃል በድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን የንባብ ስልት አምታቶ ተነሹን እንደ ወዳቂ፣ ሰያፉን እንደ ተጣይ ያነበበ ልጅ ፊደሉን ሁሉ ቢያውቅም እንኳ ንባብ አወቀ አይባልም፤ ተመልሶ ይቀጽላል። ንባብና ድምፅ እንዲህ የተቆራኙበት አገር ልጅ በዘመናዊው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ድምፅ እንደሌለው ቋንቋ መማሩ ያስቆጨኛል።

ስለ ቻይናው ፈተና የንባብ ክፍልም አንድ ነገር ልናገር፤ ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ እርሱ ነውና። ከአራቱ ምንባቦች ቀጥሎ አምስት ባዶ ቦታዎች ያሉት አንድ ጽሑፍ ይመጣል። ከሥሩ ሰባት ዓረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ፤ ተፈታኙ አምስቱን መርጦ በየቦታቸው ያስገባል፤ ሁለቱ ይተርፋሉ። እያንዳንዱ 2.5 ነጥብ አለው። ከምንባቡ አንድ ቃል ፈልጎ ከአማራጩ ጋር ማመሳሰል የለመደ ልጅ እዚህ ላይ አይሳካለትም፤ ሐሳቡ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ መከተል አለበት።

ይህን ለተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ስሰጣቸው አብዛኞቹ ወደቁ። ይኼን ጊዜ ነው አንድ ጥርጣሬ ያደረብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ዓይነት ጥያቄ በአማርኛ አዘጋጀሁ፤ ርእሱን ደግሞ ከልጅነታቸው የሚያውቁት ነገር እንዲሆን ብዬ የበሶ አዘገጃጀት አደረግሁት። ገብሱ እንዴት እንደሚቆላ፣ እንዴት እንደሚፈጭ፣ ለመንገደኛ ለምን እንደሚመረጥ የሚናገር አንድ ገጽ ነበር። ከሚገቡት ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «ይህን ያልጠበቀ ሰው ግን በሶው ይመርበታል» ይላል። «ይህን» የሚለው ቃል ስለ ቆላው ልክ ከሚናገረው ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ መግባት እንዳለበት ግልጽ ነው። ሆኖም በእንግሊዝኛው ከወደቁት ተማሪዎች ቀላል የማይባሉት በአማርኛውም ወደቁ። በሶ ምን እንደሆነ አጥተውት አይደለም፤ «ይህን» ወደ ምን እንደሚያመለክት ወደ ኋላ ተመልሶ የመፈለግ ልማድ የላቸውም። የቀሩት ደግሞ በአማርኛው በሚገባ ሠርተው በእንግሊዝኛው ነበር የወደቁት።

ለአሥር ዓመት «እንግሊዝኛ ደካማ» እያልሁ በአንድ ቀይ እስክሪብቶ ያረምኋቸው ልጆች ሦስት የተለያዩ ልጆች እንደሆኑ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንደኛው ቋንቋው የጎደለው ነው፤ ሁለተኛው ቋንቋውን በዓይኑ ይዞ ጆሮው ያልተከፈተለት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ጽሑፍ መከተል ያልለመደ ነው። ለሦስቱ የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ሊሆን አይችልም። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ወጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር በየሻይ ቤቱ ስለ ስንፍና ብዙ ተወርቷል። እኔ ግን ከወደቁት ውስጥ ጥያቄው ሳይገባው የቀረው ምን ያህሉ እንደሆነ፣ ከእነዚያም ውስጥ ቋንቋው የጎደለውና ንባቡ የጎደለው ተለይቶ ቢታወቅ ኖሮ እያልሁ ነበር የተብሰለሰልሁት።

የቻይናውን ፈተና እንዳለ እንቅዳው አልልም። ከሦስት አማራጭ አንዱን በግምት የሚያገኝ ልጅ አይጠፋም፤ ድምፁም በስቱዲዮ የተቀረጸ፣ ጥርት ያለ፣ ከእውነተኛ ንግግር የራቀ ነው። ተማሪዬ እንዳጫወተኝ፣ ልጆቹ ድምፁ ከመጀመሩ በፊት አማራጮቹን አንብቦ መልሱን የማሽተት ሥልጠና ይሰጣቸዋል፤ አብሮት የሚኖረው ልጅ በማዳመጥ ከፍተኛ ነጥብ አምጥቶ እያለ ከእርሱ ጋር በእንግሊዝኛ ለማውራት ግን ወራት ፈጅቶበታል። አገሩም ይህን ሳይረዳው አልቀረም፤ ቤጂንግ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ማዳመጥን ከመናገር ጋር አጣምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ የ50 ነጥብ ፈተና አድርጎታል፤ ተማሪው ሁለት ጊዜ ተፈትኖ የተሻለው ይያዝለታል።

ለእኛ ትምህርት ቤት ግን ለጊዜው ይህን ያህል አልመኝም። በዚህ ሴሚስተር ከክፍል ምዘናው ከፍዬ ለማዳመጥ አሥር ነጥብ መድቤአለሁ፤ እጁን አውጥቶ «ይመጣል?» ለሚለኝ ተማሪ «አዎ፣ ይመጣል» ማለት እንድችል። አንድ የባዮሎጂ መምህር ባልደረባዬም ከመማሪያ መጽሐፋቸው ስለ ደም ዝውውር የሚናገረውን አንድ አንቀጽ በገዛ ድምፃቸው ሊቀርጹልኝ ተስማምተዋል፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚሰሙት የእርሳቸውን ድምፅ እንጂ የለንደንን ሰው ድምፅ አይደለምና። ፈተናውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ በረዶው ሳይመጣ እንጀምረዋለን።