ጨዋታዬን ያስጨረሱኝ ሰዎች

የኮምፒውተር ጨዋታ ለመሥራት የተነሳ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሶፍትዌር ነው። የትኛው ይቀላል? የትኛው ኮድ ሳይጻፍ ያሠራል? እኔም ከዚያው ነው የጀመርኩት፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከመደበኛ ሥራዬ በሚተርፈኝ ሰዓት ለዓመታት አርፒጂ የሚባለውን የጨዋታ ዓይነት ስሠራ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ነው። ሥራዬን የሚያይልኝ ሰው በነበረኝ ጊዜ ሁሉ ሐሳብ አጥቼ አላውቅም። ብቻዬን በሠራሁባቸው ወራት ግን ጥሩ ኮምፒውተርም ሰፊ ጊዜም እያለኝ እጄ ይታሰር ነበር።

ይህ ከአርፒጂ ተፈጥሮ የሚመነጭ ይመስለኛል። ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ታሪክ ውስጥ የሚገባበት፣ የሚነጋገርበት፣ የሚዋጋበትና ደረጃ በደረጃ የሚጠነክርበት ይህ የጨዋታ ዓይነት የተወለደው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡትን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ለመጫወት ደንቡ፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስና ጥቂት ሰዎች ይበቁ ነበር። አንዱ ይተርካል። ሌላው «በሩን ከመክፈቴ በፊት ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ» ይላል። ተራኪው ያላሰበው ነገር ተነሳበትና ታሪኩ እዚያው አቅጣጫውን ይቀይራል። ኮምፒውተር ላይ ብቻውን የሚሠራ ሰው ያጣው ይህንን ነው። ካርታውን ይስላል፣ ንግግሩን ይጽፋል፣ ውጊያውን ያመዛዝናል፤ በሩ ላይ ጆሮውን የሚያስጠጋለት ግን የለም። ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ ያንን ጠረጴዛ እንዴት መልሼ እንዳገኘሁት ነው።

የምጠቀመው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን አርፒጂ ሜከር ኤምቪ የተባለ ፕሮግራም ነው። ካርታው ቁመትና ወርዳቸው 48 ፒክሰል ከሆነ ትናንሽ ካሬዎች ይገጣጠማል። ሰው ሲያናግሩት እንዲመልስ፣ ሣጥን ሲከፈት ዕቃ እንዲወጣ የሚያደርጉት ትእዛዞች ተዘጋጅተው ይቀርባሉ፤ ከዚያ አልፎ መሄድ ለሚፈልግ ጃቫስክሪፕት የተባለው የኮድ ቋንቋ አለ። የፕሮግራሙ ቤተሰብ ታሪክ ራሱ የመረዳዳት ታሪክ ነው። አርፒጂ ሜከር 2000 ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በማያውቅበት ዘመን፣ በአሳታሚው ፈቃድ ባይሆንም፣ አድናቂዎች ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ለዓለም አዳረሱት። ይፋዊው የእንግሊዝኛ ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት አንዱ መማሪያ እየጻፈ፣ ሌላው ሥዕል እያዋጣ፣ ሌላው ያልሠራውን ትእዛዝ እየመረመረ ስንቱን ሠሪ በእግሩ አቆሙት!

መነሳሻ ፍለጋ ትልልቆቹን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች የደከሙባቸውን ጨዋታዎች ስመለከት ከአድናቆት በቀር ይዤው የምመለሰው ነገር አልነበረም። እጄን የፈቱት በእኔው ዓይነት መሣሪያ፣ በአንድ ወይም በጥቂት ሰዎች የተሠሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ዩሜ ኒኪ በአርፒጂ ሜከር 2003 የተሠራ ነው። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ተጫዋቹ በአንዲት ልጅ ሕልሞች ውስጥ ይንከራተታል፣ ይኸው ነው። ቱ ዘ ሙን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በአርፒጂ ሜከር ኤክስፒ ተሠርቶ ወጣ። ሠሪው የውጊያ ሥርዓቱ ተዘጋጅቶ የሚመጣ መሣሪያ በእጁ እያለ ውጊያውን ወደ ጎን ትቶ በአንድ ሊሞት በተቃረበ ሽማግሌ ትዝታ ላይ ታሪኩን መሠረተ። እነዚህን ስጫወት በልቤ የሚመላለሰው ጥያቄ «ይህንን በየትኛው ትእዛዝ ሠራው?» የሚል ነበር። መሣሪያውን ስለማውቀው መልሱ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ መልሱ ሲገኝ ደግሞ የራሴን ካርታ ከፍቼ ለመሞከር እቸኩላለሁ።

ከእነዚህም በላይ የጠቀሙኝ ዝና የሌላቸው፣ በግማሽ ሰዓት የሚያልቁ የጀማሪ ሥራዎች ናቸው። ደብተር ይዤ እጫወታቸዋለሁ። የምመዘግበው ሁለት ነገር ነው፤ ጨዋታውን ልተው የዳዳኝን ቅጽበትና፣ ልተው ስል የመለሰኝን ነገር። ከሌሎች ሠሪዎች ጋር ያስተዋወቀኝም ያው ደብተር ነው። ጨርሼ ስነሳ ማስታወሻዬን አሳጥሬ ለሠሪው እልክለታለሁ። «ሁለተኛው ዋሻ ውስጥ ችቦው ሲጠፋ ሙዚቃውም አብሮ መቆሙ አስደነገጠኝ፤ ቁልፉ ከምንጣፉ ሥር መሆኑን የሚጠቁም ነገር ግን ስላላየሁ ክፍሉን ደጋግሜ ዞርኩት» እንደማለት ያለ ነው። «በርታ፣ ያምራል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሠሪውን ግን አንድ እርምጃ አያራምደውም። ስለ ችቦውና ስለ ምንጣፉ የጻፈለትን ሰው ግን አይረሳውም፣ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው የተጫወተለት ሰው ማግኘት ብርቅ ነውና። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ መልሰው የጻፉልኝ «አንተስ ምን እየሠራህ ነው?» ብለው ነው። የራሴን ሥራ ለማሳየት በር ማንኳኳት አላስፈለገኝም። ወደ ሠሪዎች ስብስብ ገብቶ በመጀመሪያው ቀን «የእኔን ተጫወቱልኝ» የሚል ሰው ብዙ አይቆይም፤ ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ሁሉም የየራሱን ያልተጫወቱለት ሥራ ይዞ ስለተቀመጠ ነው።

አሁን በጨዋታዬ ውስጥ ወዳለው አንድ ጉድጓድ ታሪክ ልምጣ። ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ እርሱ ነውና።

በጨዋታዬ የመጀመሪያዋ መንደር መሀል የውኃ ጉድጓድ አለ። አደባባዩ ባዶ እንዳይመስል ያቆምኩት ጌጥ ነበር። በደብተሬ የተዋወቅኳት አንዲት ሠሪ ልትሞክርልኝ ፈቀደችና ስትጫወት ማያ ገጿን አየሁ። በዚህ ጊዜ የማልጥሰው ደንብ አለኝ፤ ሞካሪ ሲጫወት አልናገርም። ልጅቷ ከቤት እንደወጣች በአደባባዩ ያለውን ሽማግሌ አነጋገረችው። ልጁ ጠፍቶበት እንደቀረ ነገራት። ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄዳ ቁልፉን ተጫነች፤ ምንም የለም። በሌላኛው ጎን ዞራ ተጫነች፤ ምንም። እንደገና ሽማግሌውን አነጋግራ፣ እንደገና ወደ ጉድጓዱ ተመለሰች። ስትጨርስ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ስለ ልጁ ነግሮኝ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ጉድጓዱ መለሰ እኮ» አለችኝ።

በፕሮግራሙ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። አንድን ገጸ ባሕርይ ሲያናግሩት ወደ ተጫዋቹ ይዞራል፤ ንግግሩ ሲያልቅ ቀድሞ ወደነበረበት አቅጣጫ ይመለሳል። ሽማግሌውን ሳስቀምጠው ፊቱ ወደ ታች ነበር፣ ጉድጓዱም ከበታቹ ነበረ። ማሽኑ በልማዱ ያደረገውን እርሷ እንደ ኀዘን አነበበችው። በዚያ ሌሊት ጉድጓዱ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ ቆይቶም ጠቅላላው ሁለተኛው ምዕራፍ ከዚያ ጉድጓድ ወጣ። ልጁ ወዴት እንደሄደ፣ ሽማግሌው ምን እንደሚደብቅ፣ መንደርተኛው ለምን ከዚያ ውኃ እንደማይቀዳ ሁሉ። ብቻዬን ተቀምጬ ለወራት ባስብ የማላገኘውን አንዲት ተጫዋች ጉድጓድ ዞራ ሰጠችኝ። ለእኔ ተመስጦ የሚባለው ይህ ነው። ጆሮዋን በሩ ላይ አስጠግታለች።

ውጊያውን ያቃናልኝ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ከታሪክ ይልቅ ቁጥር የሚወድ ሠሪ ነው። በኤምቪ ተዘጋጅቶ የሚመጣው የጉዳት ስሌት ቀላል ነው፤ የአጥቂው ኃይል በ4 ይባዛል፣ ከዚያ ላይ የተጠቂው መከላከያ በ2 ተባዝቶ ይቀነሳል። ጀግናው 20 ኃይል፣ ጭራቁ 15 መከላከያ ካላቸው 80 ሲቀነስ 30፣ አንዱ ምት 50 ያጎድላል። የጭራቁ ሕይወት 450 ከሆነ በ9 ምት ይወድቃል። ወዳጄ ይህንን በወረቀት አስልቶ «ተጫዋቹ ከ4ኛው ምት በኋላ አዲስ ውሳኔ አይወስድም፤ ቁልፍ ብቻ ነው የሚጫነው» አለኝ። ሕይወቱን ወደ 200 አወረድኩትና በምትኩ ጭራቁ በየሦስተኛው ተራ እንዲከላከል አደረግሁ። ውጊያው አጠረ፣ ማሰብም ጠየቀ። ሠሪ ጓደኛ ከተራ ተጫዋች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋች «ይሰለቻል» ይላል፤ ሠሪ ከስንተኛው ምት ጀምሮ እንደሚሰለች ይነግርሃል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተጫዋቹን ማስቀደም ነው፣ ምክንያቱም ሠሪ የራሱን ጣዕም ሊያሠራህ ይችላል።

ጀማሪ ቢጠይቀኝ ሌላው ምክሬ በአጭር ጊዜ የሚጠናቀቁትን የጨዋታ ሥራ ዝግጅቶች መቀላቀል ነው። ከአንጋፋዎቹ አንዱ የሆነው ሉደም ዴር እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የጀመረው። በዋናው ውድድር አንድ ሰው ብቻውን፣ በተሰጠው መሪ ሐሳብ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ጨዋታ ይሠራል፤ ከዚያ ተሳታፊዎች የአንዱን ሥራ ሌላው እየተጫወተ ይመዝናል። አርፒጂ ረጅም ስለሆነ ለዚህ የማይመች ይመስላል። እኔ ያገኘሁት ጥቅም ግን ከዚያው ከመጥበቡ ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ምርጫ፤ ከዚህ የሚበልጥ አይገባበትም። ለዓመታት በሐሳቤ ሲዞር ከነበረው ሰፊ ዓለም ይልቅ ያቺ አንዲት ክፍል የአጻጻፍ ድምፄ ምን እንደሚመስል አሳየችኝ። መሪ ሐሳቡም ከውጭ ስለሚመጣ «ስለ ምን ልሥራ?» ብሎ መብሰልሰል ይቀራል። ከሁሉም በላይ ግን ከዝግጅቱ በኋላ ያሉት የመጫወቻ ሳምንታት ይጠቅማሉ፤ ያው ጭንቅ ውስጥ አብረውህ ካደሩ ሰዎች ጋር ወሬ መጀመር አያስቸግርም።

ስለ ሥዕልና ሙዚቃ አጭር ነገር ልበል። ሁሉንም ራስ መሥራት አይቻልም፤ በነፃ የሚሰጡ ሥራዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ፈቃዱን ማንበብ ግዴታ ነው። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ውስጥ ሲሲ ዜሮ የተባለው ምንም ግዴታ አይጥልም፤ ሲሲ ባይ የተባለው የባለቤቱን ስም መጥቀስ ይጠይቃል። እኔ ግዴታ ባይኖርም ስም እጠቅሳለሁ፣ ሥዕሉ በጨዋታው ውስጥ ምን እንደሚመስል አንስቼም ለሠዓሊው እልካለሁ። አንድ ሠዓሊ የሣላቸው ዛፎች በእኔ ጭጋግ ውስጥ ቆመው ሲያያቸው «ለዚህ ቦታ የደረቀ ግንድ ያስፈልግሃል» ብሎ ሥሎ ላከልኝ። ዛሬ የጨዋታዬ ደን ሙሉ በሙሉ የእርሱ እጅ ሥራ ነው።

የሠሪዎች ስብስብ ሲበዛ ሁሉም ያሳያል፣ የሚያይ ይጠፋል። ስለዚህ ከትልቁ ስብስብ ውስጥ የሚያዘወትሩትን ጥቂት ሰዎች መለየት ያሻል። እኛ አራት ሆነን በየወሩ እንገናኛለን። እያንዳንዱ በ10 ደቂቃ የሚያልቅ፣ መጫወት የሚቻል ነገር ይዞ ይመጣል፤ ወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ፣ ሊሠራ የታሰበ ዓለም አይቀርብም። ሠሪው ዝም ይላል፣ የቀሩት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይመልሳሉ። የት ላይ ልትተወው ፈለግህ? ስሙን የምታስታውሰው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? ሞክረኸው ምንም መልስ ያልሰጠህ ነገር ምንድን ነው? ረጅሙን ዝርዝር ሁልጊዜ የሚያመጣው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ የሚቀጥለውን ወር ሥራዬን የምመርጠውም ከዚያ ዝርዝር ነው።