ላስቲኩ ያልተቀደደ አልጋ

ዛሬ እናቴን ይዤ ሐዋሳ ውስጥ ወዳለ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ሄጄ ነበር። አልጋ የለም ተባልን። ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ላይ ጋደም ብላ ግሉኮስ ተተከለላት።

ሽንት ቤት ፍለጋ ወደ ጓሮ ስዞር ግን ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ላስቲካቸው እንኳ ያልተቀደደ አልጋዎች አጥር ሥር ተከምረው፣ ዝናብ እየመታቸው፣ እግራቸው ዝጎ፣ በመሃላቸው ሣር በቅሎ። ቆጠርኳቸው፣ 14 ናቸው።

አንዷን ነርስ ጠየቅኳት። "ብሎናቸው ጎድሎ ነው የመጡት፣ ሁለት ክረምት አለፋቸው" አለችኝ። እሷም አዝናለች፣ እሷ ላይ አልፈርድም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሰኔ ላይ ተጣድፎ የሚገዛ ዕቃ እንዳለ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ይገዛል፣ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥለታል፣ ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል?

በጣም ያንገበገበኝ የጎደለው ብሎን መሆኑ ነው። ብሎን! አንድ ጎበዝ ብረት ሠራተኛ የሚጨርሰው ሥራ እኮ ነው።

እናቴ ተሽሏት ቤት ተኝታለች። ነገ ጠዋት ተመልሼ ኃላፊውን አነጋግራለሁ። ሐዋሳ ያላችሁ፣ የብረት ሥራ የምትችሉ ልጆች ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አብረን እንሂድ።