ዛርብሩከን ልሄድ ወጥቼ ሉክሰምበርግ ገባሁ

ፍራንክፈርት ሰባት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው ለጀርመን ዜግነት ፈተና ማጥናት የጀመርኩት። ስልኬ ላይ የጫንኩት መለማመጃ «የሄሰን ዋና ከተማ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሄሰን ፍራንክፈርት ያለችበት ክልል ነው። ሳላቅማማ ፍራንክፈርትን ነካሁ። ቀይ አበራብኝ። መልሱ ቪስባደን ነው። ስሟ በየቀኑ የምሳፈርበት ባቡር ግንባር ላይ ተጽፏል! ሰባት ዓመት ሙሉ አንብቤዋለሁ። ምን እንደሆነች ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ለማታውቁት፣ ፈተናው እንዲህ ነው። የጥያቄዎቹ ክምችት 310 ነው፤ 300ው የሁሉም፣ 10ሩ የምትኖሩበት ክልል። ከዚያ ውስጥ 33 ይመጣላችኋል፤ 17 ከመለሳችሁ አልፋችኋል። ሰዓቱ 60 ደቂቃ፣ ክፍያው 25 ዩሮ። የሌሎቹን 15 ክልሎች ዋና ከተማ እንድታውቁ አይጠበቅም።

ቡና ላይ ይህን ሳወራ፣ ከ30 ዓመት በላይ እዚህ የኖሩ ጋሼ የምላቸው ሰው ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አስጨነቀሽ? ሸምድደሽ ግቢ፣ ሸምድደሽ ውጪ» አሉኝ። ሐቃቸውን ነው፤ ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን የሸመደድኩት ነገር ሳምንት አይቆይልኝም። እልህም ይዞኛል። አሥራ ስድስቱንም ዋና ከተሞች በእግሬ ልረግጥ ወሰንኩ።

የገዛሁት ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለውን፣ በመላ ጀርመን የሚሠራ ወርሃዊ ትኬት ነው። በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፣ እኔ ስጓዝበት 58 ደርሷል። ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ አይሠራም፤ ቀርፋፎቹን ትለምዷቸዋላችሁ።

ብዙ ሰው ከበርሊን ጀምሩ ይላል። አትስሟቸው። በርሊንን ማን ይረሳል? ትልቁ ከተማ ዋና ከተማ ካልሆነባቸው ክልሎች ጀምሩ፤ የሚያሳስቱት እነሱ ናቸው። ኖርድራይን ቬስትፋለን ዱሰልዶርፍ ናት፣ ኮሎኝ አይደለችም። ሳክሰን ድሬስደን ናት፣ ላይፕሲግ አይደለችም። መክለንቡርግ ፎርፖመርን ሽቬሪን ናት፣ ሮስቶክ አይደለችም። የሽቬሪንን ቤተ መንግሥት ሐይቅ መሀል ቁጭ ብሎ ካያችሁ፣ የክልሉ ምክር ቤትም እዚያው ውስጥ እንደሚሰበሰብ ከሰማችሁ፣ ስሟ ከአእምሯችሁ አይወጣም።

ከሁሉም በፊት ግን ቪስባደን ሄድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቃት። መሀል ከተማው ላይ ኮኽብሩነን የሚሉት ምንጭ አለ። ውሃው 66 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል፣ በብርድ ይጨሳል። ቀመስኩት። ጨው ጨው፣ ብረት ብረት ይላል፤ ሁለተኛ ጉንጭ አልደገምኩም። አዲስ አበባ በፍልውሃ ምክንያት እንደተቆረቆረች ለሚያውቅ ሰው ግን ይህቺ ከተማ ባዕድ አትሆንም። ከዚያ በአውቶቡስ ራይን ወንዝ ዳር ወረድኩ። ድልድዩን በእግር ስትሻገሩ ማይንዝ ናችሁ፤ የራይንላንድ ፋልስ ዋና ከተማ። ሁለት ዋና ከተሞች ወንዝ ለይቷቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የሚያስቀው፣ በቪስባደን በኩል ያለው ሰፈር ስሙ ማይንዝ ካስቴል ነው። ከ1945 ጀምሮ የቪስባደን ሆኗል፤ ስሙን ግን ማንም አልቀየረለትም።

ሌላዋ ዋና ከተማ ብሬመን ላይ፣ በተረት የታወቁት የከተማዋ ሙዚቀኛ እንስሳት ሐውልት አለ፤ የአህያውን የፊት እግሮች በሁለት እጄ ይዤ ተመኘሁ። በአንድ እጅ የያዘ ሰው፣ አንዱ አህያ ሌላውን እየጨበጠ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች።

አሁን ወደ ቆጨኝ ነገር ልምጣ። ዛርላንድ።

ዋና ከተማዋ ዛርብሩከን ናት። ከፍራንክፈርት አጭር መንገድ አለ፤ እኔ ግን የሞዘል ወንዝን የወይን ተራራዎች ላያቸው ብዬ በኮብሌንዝ ዞርኩ። መንገዱ እውነትም ያምራል። ወይኑ የተተከለበት ገደል ፍየል የሚያንሸራትት ነው። ባቡሩ ላይ «ዛርብሩከን» የሚል አይቻለሁ፣ ገብቼ ከኋላ ፉርጎ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ።

ትሪየር ደረስን። ትሪየር ካርል ማርክስ በ1818 የተወለደባት ከተማ ናት። አባቴ በደርግ ጊዜ ውይይት ክበብ እየተባለ ማርክስን በግድ የተጋተ ሰው ነው። ስልኬን አውጥቼ «አባዬ፣ የት እንዳለሁ ገምት!» ብዬ ድምፅ መቅዳት ጀመርኩ። በዚያችው ደቂቃ ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር በጥድፊያ ተናገረ። ሰማሁ፣ ግን አልሰማሁም። ጥቂት ሰዎች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሮጠው ወረዱ። ምን አስሮጣቸው ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

ባቡሩ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወደ ዛርብሩከን ይወርዳል፣ ግማሹ ሉክሰምበርግ ይገባል። እኔ ያለሁት ሉክሰምበርግ በሚገባው ላይ ነው።

የነገረኝ ስልኬ ነው፤ «እንኳን ወደ ሉክሰምበርግ በደህና መጡ» የሚል መልእክት። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ጠየቅኩት። ሳቀ። «አይዞሽ፣ እዚህ አገር ባቡር ነፃ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከ2020 ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርት በነፃ ነው። እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ቦርሳ ቀይሬያለሁ። ፓስፖርቴም የመኖሪያ ካርዴም ቤት ናቸው።

መጀመሪያው ጣቢያ ላይ ዘልዬ ወረድኩና በሚመለሰው ባቡር ተሳፈርኩ። ትሪየር ልንገባ ስንል ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ከዚያ ሁሉ ሰው ቀጥታ ወደ እኔ። ለምን እንደሆነ አብራርቼ አላደክማችሁም።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከፍራንክፈርት።»

«ይህ ባቡር ከሉክሰምበርግ ነው የመጣው።»

«አውቃለሁ። ተሳስቼ ነው። ዛርብሩከን እየሄድኩ ነበር።»

«ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ሥራ?»

«አይ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ?»

«የዛርላንድ ዋና ከተማ ስለሆነች።»

ተያዩ። እኔም ስሰማው ውሸት መሰለኝ። የካርዴን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋቸው፤ ፎቶ አይበቃም አሉ። ትሪየር ላይ አወረዱኝና ስሜን መፈለግ ጀመሩ። ስሜ ውስጥ «ፀ» አለች። በላቲን ፊደል አንዱ ቢሮ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፋታል። አንደኛው ሙከራ፣ የለችም። ሁለተኛው፣ የለችም። ወጣቱ ፖሊስ «እርግጠኛ ነዎት ስምዎ ይኼ ነው?» አለኝ። ያቺ ጥያቄ እስከዛሬ ታንገበግበኛለች። በሦስተኛው ተገኘሁ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ይቅርታ የምትባል ቃል ሳይወጣቸው ለቀቁኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ስለዚህ «ሼንገን ውስጥ (ያለ ድንበር ፍተሻ ሊያስኬዱ በተስማሙት የአውሮፓ አገሮች) ድንበር የለም» የሚሏችሁን አትመኑ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ትፈትሻለች። ድንበር ባትሻገሩም ዶይችላንድ ቲኬቱ ራሱ ያለ መታወቂያ አይሠራም። ባቡሩ ላይ ስትወጡ ደግሞ ግንባሩን ብቻ አትዩ፤ የምትገቡበት ፉርጎ በር ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ቪርድ ጌታይልት» የሚል ከሰማችሁ ስልካችሁን አስቀምጡ፤ ይከፈላል ማለት ነው።

ዛርብሩከን የመሄድ ሞራሌ ወድቆ ነበር። ትሪየር ውስጥ ተንከራተትኩ። ሮማውያን ከሠሩት ጥቁር በር አጠገብ ቻይና በ2018 የሰጠችው የማርክስ ሐውልት ቆሟል፤ ከነመቆሚያው 5 ሜትር ተኩል። ፎቶ አንስቼ ለአባዬ ላክሁለት። ማታ መለሰልኝ፦ «እሱ ነው እንቅልፍ የነሳን? ፊቱ እንኳ አልተለወጠም።»

ዛርብሩከንን በወሩ አየሁት። በአጭሩ መንገድ፣ ፓስፖርቴን ጉያዬ ከትቼ። ሉድቪግስኪርኸ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውብ ነው፤ ለእሱ ብቻ ግን ሃምሳ ደቂቃ አልቆምም ነበር።

እስካሁን 13 ዋና ከተሞች ረግጫለሁ። ኪል፣ ማግደቡርግና ፖትስዳም ቀሩኝ። ፖትስዳም የሚያናድደኝ፣ በርሊን ሦስት ቀን ከርሜ ከአጠገቧ የተመለስኩት በስንፍና ስለሆነ ነው።

ፈተናውን 32 አምጥቼ አለፍኩ። ከሄሰን ሦስት ጥያቄ መጣልኝ፤ አንደኛው የባንዲራውን ቀለም ይጠይቃል፣ ቀይና ነጭ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገልብጬ ፈለግኩ። ቪስባደን የለችም።