«እንዳያመልጠኝ» ብዬ የገዛሁት ስልክ

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ስለምበሳጭ ነው። እርግጥ ቢነገረኝም የምሰማ አይመስለኝም። አክስቴ እኮ ጠይቃኛለች። «ምነው፣ ያሁኑ ስልክሽ አይጠራም እንዴ?» አለችኝ። ይጠራል። ችግሩ መጥራት አለመጥራቱ አልነበረም።

ችግሩ የጀመረው ወንጪ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አንድ ላይ ያለን አምስት ጓደኛሞች ነን። አንድ ቅዳሜ ፓኬጅ ገዝተን ሐይቁን ለማየት ሄድን። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አራቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ፎቶ በአይፎኑ መላላኪያ፣ በኤርድሮፕ ይቀባበላሉ። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ በቴሌግራም እስኪላክልኝ እጠብቃለሁ። የተላከልኝ በማግስቱ ነው፣ ያውም ደብዝዞ። እስከዚያ የእነሱ ስቶሪ ላይ ወጥቶ፣ ሰው አይቶት፣ ተስቆበት አልቋል። ሰርጉ ካለቀ በኋላ እንደደረሰ እንግዳ ሆንኩ። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ፎሞ የሚሉት ነገር ነው፤ ሌላው የሚያገኘው እንዳያመልጠኝ የሚል ፍርሃት። ቃሉን ያስለመደው ፓትሪክ ማክጊኒስ የሚባል የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በተማሪዎች ሕትመት ላይ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተመራማሪዎች መለኪያ አወጡለት፦ አሥር ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 የሚመለስ። አንዱ ጥያቄ ዕረፍት ላይ ሆነሽም ጓደኞችሽ የሚያደርጉትን ትከታተያለሽ ወይ የሚል ነው። 5 ሰጠሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ እንደዚያ ያለ ውጤት አምጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ዶላሩ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰናል ተባለ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን አለፈ። የዚያን ዓመት ነሐሴ የሚያስታውስ ሰው ይረዳኛል። ቢሮም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ቴሌግራም ላይም ወሬው አንድ ነበር፤ «አሁን ያልገዛ አበቃለት።» ዘይት የሚያከማች ዘይት አከማቸ። እኔ አይፎን 13 ፈለግኩ።

ገንዘቡ ከዕቁብ መጣ። ሃያ ሰው፣ በወር 4,000፣ ድምሩ 80,000። የነሐሴ ዕጣ የወጣላት ሴት ልትሸጥ ፈቃደኛ ነበረች፤ 3,000 ጨምሬላት ወሰድኩ። ዋስ አክስቴ ሆነች። በእጄ የሚገባው ደሞዝ 14,500 ነበር። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሠርቼዋለሁ፣ ያስኬዳል። ወረቀቱ ላይ ቅዳሜ የሚባል ቀን እንዳልነበረ ያየሁት በኋላ ነው።

የገዛሁት ከሥራ ስወጣ፣ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ልጁ ጎበዝ ነበር፣ አልክድም። «ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ጭረት የለውም። ከነገ ወዲያ ሰማንያ ይገባል። አንድ ሰው ደውሎ እየመጣ ነው፣ አንቺ ቀድመሽ ነው እንጂ።» የሚመጣ ሰው እንዳልነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን በሩን ዞሬ አየሁ፣ እውነቴን ነው፣ ሰውየው ገብቶ የሚቀማኝ ይመስል። «በደረሰኝ ከፈለግሽ ይጨምራል» አለኝ። አልፈልግም አልኩ። ከደብተር ገጽ ቀዶ «አይፎን 13፣ 72,000፣ ተከፍሏል» ብሎ ጻፈልኝ። «የአፕል አካውንት አለሽ?» አለኝ። የለኝም። «ችግር የለም፣ እኔ እከፍትልሻለሁ።» በሦስት ደቂቃ ከፈተልኝ። የማንን ስልክ ቁጥር እንዳስገባ፣ ፓስወርዱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለጓደኞቼ ፎቶ እየላክሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት በአጭሩ ይህን ይመስላል። ስልኩ ይመረቅ ተባለ፣ እራት ጋበዝኩ። ከመካከላችን አንዷ አገባች፣ ለብራይዳል ሻወር አዋጣሁ፣ ለሚዜ ቀሚስ አሰፋሁ፣ ቀሚሱን ዳግም አልለበስኩትም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ደረሰ፤ ቲሸርቱ ሳያልቅ ብዬ ገዛሁና መስቀል አደባባይ ፎቶ ተነሥቼ አሥር ኪሎ ሜትሩን ሳልነካ ቁርስ ልበላ ሄድኩ። ያ ፎቶ ካለኝ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ነው። ሲያጥረኝ በስልክ የሚገኘውን ብድር ወሰድኩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ሚያዝያ 2017 ላይ የዕቁቡን አልከፈልኩም። ግንቦትም አልከፈልኩም። የዕቁቡ ዳኛ ለእኔ ሁለቴ ደወለ፣ አላነሣሁም፤ ሦስተኛውን ለአክስቴ ደወለ። አክስቴ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ወስዳ ከፈለችልኝ። ለእኔ ምንም አላለችም። የሰማሁት ከዳኛው ነው። ያን ጊዜ አንዱን እንጀራ 25 ብር ነበር የምትሸጠው፤ 8,000 ብር 320 እንጀራ ነው። ይህ ደግሞ ጤፉና መብራቱ ሳይቀነስ ነው።

ስልኩን ልሽጥ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ያለው የማንም ሰው ታሪክ ነው፣ ያሳበደኝ ከዚህ ወዲያ ያለው ነው።

በነገራችን ላይ የዋጋው ነገር ልክ ነበርኩ። ስልኩ ጨምሯል፤ አንድ ገዢ 75,000 እሰጣለሁ አለ። ልቤ ሞላ። ለአክስቴ ከፍዬ፣ ብድሩን ዘግቼ፣ የሚተርፈውን ለዕቁቡ አስቀምጬ፣ በሐሳቤ ጨረስኩ። ገዢው ጋር ተቀጣጥረን ሱቁ ሄድኩ። «መጀመሪያ ፎርማት እናድርገው» አለና ከኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ስልኩ ጠፋ፣ ፖሙ ታየ፣ ነጩ መስመር ቀስ ብሎ ሞላ። ሲከፈት ያ ልጅ የከፈተልኝን አካውንት ፓስወርድ አምጪ አለ። እኔ የማላውቀውን። ኢሜይሉ ራሱ ሁለት ፊደል ብቻ ይታያል፣ ሌላው ነጠብጣብ ነው። ገዢው ስልኩን በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «እህቴ፣ ይሄ የተቆለፈ ነው። የሌላ ሰው ነው እንዴ?» ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሌባ ነው የመሰልኩት።

የሸጠልኝ ልጅ ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ የለም። መንገዱ ለኮሪደር ልማት ፈርሶ የፊተኛው ክፍል በሙሉ ተነሥቷል። ቆርቆሮ አጥር ነው የቆመው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሁሉም ሰው «ቶሎ አመልክቺ» ይላል፣ እኔም ቶሎ አመለከትኩ። መዝጋቢው እስክሪብቶውን ሳያነሣ ጠየቀኝ።

«ስልኩ አሁን የት ነው?»

«እኔ ጋ።»

«ታዲያ ምን ጠፋብሽ?»

አስረዳሁት። ኢሜይል፣ አካውንት፣ ፓስወርድ። ጥቂት አሰበና «የገዛሽበት ደረሰኝ አለ?» አለ። የደብተሩን ቅዳጅ ሰጠሁት። የስልኩ መለያ ቁጥር የለበትም፣ ማኅተም የለበትም፣ የሻጩ ስም እንኳ የለበትም። ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ የሒሳብ መልመጃ ነበር። «ነገ ነይ፣ ኃላፊው ሲኖር» አለኝ። በነገታው ኃላፊው ስብሰባ ነበር። በሦስተኛው ቀን አገኘሁትና «የሸጠልሽን ሰው ፈልጊና ተነጋገሩ» አለኝ። ለዚህ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። እውነቱን ለመናገር ግን ያቺን ወረቀት ይዤ ብሄድ ራሴም ራሴን አልመዘግብም።

ልጁን ያገኘሁት በራሴ ነው። ድሮ የሚሸጥበትን የቴሌግራም ቻናል አስታውሼ ከሥር አስተያየት ከሚጽፉት አንዱን ጠየቅኩ፣ እሱ ሌላውን ጠየቀ፣ አራተኛው ቁጥሩን ሰጠኝ። ልጁ አልካደም። «ውይ፣ ያኔ ለሁሉም የማስገባው አንድ ኢሜይል ነበር። ፓስወርዱን ረሳሁት። ኮዱ የሚመጣበት ሲም ደግሞ ከጠፋብኝ ቆየ።» ቁጥሩን ነገረኝ። ደወልኩ። ጠራ!

ያነሡት አንድ አባት ናቸው። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ማለት ነው። ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት ያሉኝ። ሰላም ብዬ፣ ጤና ጠይቄ፣ ነገሩን ከላይ እስከ ታች አስረዳሁ። አሁን በመልእክት ስድስት ቁጥር ይመጣልዎታል፣ እሱን ያንብቡልኝ አልኩ። ዝም አሉ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «በሬዲዮ የሚሉት አንቺን ነው።»

«አባባ፣ እኔ አጭበርባሪ አይደለሁም።»

«እነሱም እንደዚህ ነው የሚሉ። በይ ደኅና ሁኚ።»

አራት ጊዜ ደውያለሁ። በሦስተኛው ልጃቸው አንሥቶ ሊሰድበኝ ዳዳው። በአራተኛው ራሳቸው አንሥተው «የኔ ልጅ፣ ጨንቆሽ ከሆነ እግዜር ይርዳሽ፤ ቁጥር ግን አልሰጥም» አሉኝ። እንዴት ይፈረድባቸዋል? በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ሳይቸኩሉ ያሰቡት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ስልኬን ዘጋሁና አልጋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

መጨረሻው አጭር ነው። ለዕቃ የሚገዙ ልጆች አሉ፤ ስክሪኑንና ካሜራውን ፈትተው ይሸጣሉ። 21,000 ሰጡኝ። ከወር በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ፎርማት ሳይደረግ ስልኩ ውስጥ ገብተሽ በራሱ መክፈቻ ቁጥር ፓስወርዱን መቀየር ትችዪ ይሆናል እኮ ነበር» አለኝ። እንደ አካውንቱ ዓይነት ነው አሉ። ባይነግረኝ እመርጥ ነበር።

አሁን ምክር ከተባለ የእኔ ምክር ይህ ነው። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ አካውንቱን ራሳችሁ ክፈቱ፣ በራሳችሁ ቁጥር፣ ሻጩ ቆሞ እያየ። ደረሰኙ ላይ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ስትደውሉ የሚመጣው ቁጥር ይጻፍ። ሻጩ «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ካለ፣ ይምጣ።

ዕቁብ አትግቡ አልልም። ብዙ ሰው ባንክ አስቀምጡ ይላል፤ እኔ ባንክ ያስቀመጥኩትን በሳምንቱ አወጣዋለሁ፣ ማን ያየኛል? ዕቁብ ላይ ሃያ ሰው ያየኛል። ግን ቀድሞ የወጣ ዕጣ ብድር ነው፣ ኋላ የወጣ ነው ቁጠባ። ብር እየረከሰ ኋላ መውሰድ ኪሳራ ነው የሚል ጓደኛ አለኝ። በሒሳብ እውነቱን ነው። እኔ ግን እጄን አውቀዋለሁ።

ሌላው ደግሞ «መተግበሪያዎቹን አጥፉ» የሚለው ምክር ነው። አጠፋሁ፣ ሠላሳ ቀን። ቲክቶክም፣ ኢንስታግራምም፣ ቴሌግራምም። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የአንዷ ጓደኛዬ አባት አረፉ። የቀብሩ ሰዓት የተነገረው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ነው። ሁሉም ሰው ሁሉም ሰው ሰምቷል ብሎ አሰበ። እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን፣ ታክሲ ተራ ቆሜ ነው። ስደርስ ድንኳኑ ሊነሣ ነው። ጓደኛዬ አቅፋኝ ምንም አላለችም፣ እናቷ ግን «አንቺም መጣሽ?» አሉኝ። ያቺ «ም» እስከ ዛሬ ትሰማኛለች። ወንጪ ቢያመልጠኝ ፎቶ ነው ያመለጠኝ፤ ይሄኛው ፎቶ አይደለም። ስለዚህ ቴሌግራሙን መለስኩ። ቲክቶኩን አልመለስኩም። ስቶሪ የማየው ቅዳሜና እሑድ ሳይሆን ሰኞ ነው፤ ሃያ አራት ሰዓት ስላለፈው አብዛኛው ጠፍቶ ይጠብቀኛል።

ቅዳሜ አክስቴ ጋ ነኝ። የእሷን 8,000 በአራት ወር መለስኩ፣ የዕቁቡን የቀረውን እየከፈልኩ ጨረስኩ። የድሮ ሳምሰንጌን ነው የያዝኩት። ይጠራል።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ጠዋት ቡና እየተፈላ ጠራ። ቁጥሩን አወቅኩት። አባባ ናቸው፣ ከፍኖተ ሰላም።

«እንኳን አደረሰሽ ልጄ። ከትናንት ጀምሮ ያ ስድስት ቁጥር እየደጋገመ ይመጣል። አንቺ ነሽ?»

የገዙት ልጆች ሊከፍቱት እየሞከሩ መሆን አለበት።

«እኔ አይደለሁም አባባ፣» አልኳቸው፣ «ለማንም እንዳይሰጡ።»